ከነዘበኛው የተሸጠው የዶሮ ቤት

የእህቴ ባል ርካሽ የዶሮ ቤት ሲያማርጥ አምስት ዶሮዎች መታጠቢያ ቤታችንን ወረሱት። ወረሱት ስል ለወግ ማሳመሪያ አይደለም። ገላዬን ልታጠብ ስገባ ገብስማዋ ዶሮ የሳሙና ማስቀመጫው ላይ ተኝታ፣ «ይሄ ሰው አንኳኩቶ መግባት አያውቅም?» በሚል ዓይን ታየኛለች። ቀይዋ ቧንቧውን በምንቃሯ መክፈት ተምራ ነበር። መክፈት እንጂ መዝጋት ስላልተማረች ጫማችን ሳሎን ውስጥ ሲንሳፈፍ እያየን ቁርስ እንበላለን። አንድ ጠዋት ዓይኔን አረፋ ጋርዶኝ ስዳብስ ያነሳሁት ሳሙና እንቁላል ኖሮ አናቴ ላይ ፈረጠ። ፀጉሬ እንዲህ የሚያብረቀርቀው ከዚያ ወዲህ ነው። የማያምነኝ መጥቶ ይንካው።

የእህቴን ባል ሰፈሩ «ሚዛን» ይለዋል። ዕድሜ ልኩን የእህል መጋዘን ውስጥ ጆንያ ሲመዝን ኖሮ ጡረታ ወጣ። እሱ ከሥራው ወጣ እንጂ ሥራው ከእሱ አልወጣም። ዳቦ ሲገዛ እንኳ በመዳፉ ከፍ ዝቅ እያደረገ ይመዝናል። ክርክሩንማ አታንሱት። አንዴ ጃንጥላ ሊገዛ ሱቅ ገብቶ ዋጋ ሲከራከር ክረምቱ አለቀ። ከሱቁ ሲወጣ ፀሐይ ነበር፤ «እንኳን አልገዛሁ» ብሎ ተመለሰ።

ዶሮዎቹን ያመጣቸው ጡረታ በወጣ ሰሞን ነው። ወደዳቸው። ምክንያት ነበረው። በዚያ ቤት የሚሰማ ሁሉ የሚሰማው እህቴን ነው። እኔ እሰማታለሁ፣ የጎረቤት ውሻ ይሰማታል፣ የበሩ ማጠፊያ እንኳ እሷ ስትመጣ ሲጢጥ አይልም። ሚዛን «ኑ!» ሲል የሚመጡለት እነዚያ አምስቱ ብቻ ናቸው። እነሱም በእጁ ጥሬ ካለ።

ታዲያ አንድ ቀን እህቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ ቅዳሜ እህትህ ትመጣለች።»

«እንኳን ደህና መጣች።»

«እንግዳ ከዶሮ ጋር ገላዋን አትታጠብም። እስከ ቅዳሜ ቤት ካገኘህላቸው አገኘህ። ያለዚያ አምስቱም ድስት ይገባሉ። ድስትም ቤት ነው።»

«አምስቱም?»

«ድስቱ ትልቅ ነው።»

እህቴ ቀልድ አታውቅም። በልጅነታችን «እበላዋለሁ» ያለችውን ሁሉ በልታለች፣ የእኔን ድርሻ ጨምሮ። ሚዛንም ይህን ስለሚያውቅ ገብስማዋን ከሳሙናው ላይ አንስቶ ደረቱ ላይ ለጠፋት። ዓይኑ እንባ አቀረረ። እሷ ግን የሸሚዙን ቁልፍ ጥሬ መስሏት ነቀለችበት።

በማግስቱ እሱና እኔ የዶሮ ቤት ፍለጋ ወጣን። እኔን ያስከተለኝ ለምክር አይደለም፣ ለሸክም ነው። በእኔ ትምህርት ማንም ምክር አይጠይቀኝም፤ አምስተኛ ክፍል ላይ እኔና ትምህርት ቤቱ በስምምነት ተለያይተናል።

መጀመሪያ አናጢው ዘንድ ሄድን። አናጢው እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ ጣውላ ላይ መሳል ጀመረ።

«እግር ይኑረውና ከመሬት ከፍ ይበል፤ አይጥና ሽልምጥማጥ እንዳይገባ። መስኮት ያስፈልጋል፤ አየር ከሌለ የገዛ ኩሳቸው ሽታ ይጨርሳቸዋል። ቆጥ፣ እንቁላል የሚጥሉበት ሳጥን፣ ለመጥረግ የሚመች ሰፊ በር...» አለና ዋጋውን ጠራ።

ሚዛን እንደተነደፈ ሰው ብድግ አለ። ከዚያ ግን ተረጋግቶ ወደ ሙያው ገባ።

«እግሩ ቢቀርስ?»

አናጢው እግሩን አጥፍቶ ዋጋውን ቀነሰ።

«መስኮቱ ምን ያደርጋል? ዶሮ መንገደኛ አታይ።»

መስኮቱም ጠፋ። ቆጡ ጠፋ። ሳጥኑ ጠፋ። አንደኛው ግድግዳ «የአጥሩ ግንብ ይተካዋል» ተብሎ ጠፋ። ሚዛን ጣራው ላይ ሲደርስ አናጢው እርሳሱን ወረወረ።

«ጋሼ፣ አሁን የቀረው እኮ ሚስማሩ ብቻ ነው!»

«እሱንስ በስንት ትለዋለህ?»

አናጢው መዶሻ ሲፈልግ እኛ ወጣን።

ቀጥሎ በያጁ ነበር። «ብረት ነው! ለዘላለም ነው! ልጅ ልጆቻቸው ይወርሱታል!» እያለ አንድ የብረት ሳጥን ከፀሐይ ላይ ጎተተልን። የያዘው በጓንት ነበር፤ ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። እጄን አሳረፍኩበት። እስከ ዛሬ በዚያ እጅ መዳፍ የሚያነቡ ሰዎች ዕድሜዬን ማግኘት አልቻሉም። የበያጁ ድመት አንዴ ጣራው ላይ ዘሎበት ከዚያ ወዲህ በኋላ እግሮቹ ብቻ ነው የሚሄደው፤ ራሴ አይቼዋለሁ፣ ሰላምታም ተለዋውጠናል።

ሚዛን ሳጥኑን ዞሮ አየውና ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «ይሄ ቤት አይደለም፣ መጥበሻ ነው» አለኝ። «ለእህትህ እንዳትነግራት። ትወደዋለች።»

መጨረሻ ላይ ከረባት ያሰረ ሻጭ ያለበት ትልቅ ሱቅ ገባን። ውስጡ የፕላስቲክ የዶሮ ቤት ቆሟል፤ ቢጫ ነው፣ ጣራው ቀይ፣ በሩ ላይ የምትስቅ ዶሮ ተስላለች።

«ይህ ዘመናዊ ነው» አለ ባለ ከረባቱ። «ሙሉ በሙሉ ለተጠቃሚው ምቾት የታሰበ ነው።»

«ተጠቃሚው ማነው?»

«ዶሮዋ ናት፣ አባቴ።»

«ከፋዩስ?»

ባለ ከረባቱ ሳቅ ብሎ ዋጋውን ነገረው። ሚዛን ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ሳያይ የተቀመጠው ግን ጣራው ላይ ነበር። የምትስቀዋ ዶሮ ለሁለት ተሰነጠቀች። ያን ቀን አማቼ ሲሮጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት፤ ለሰባ ዓመት ሰው ሳይሆን ለሰባ ፈረስ የሚመጥን ሩጫ ነው። በረርን ብል ይሻላል።

ሐሙስ እህቴ ቢላዋ መሳል ጀመረች። ሌላ ቦታ ጠፍቶ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ፊት ለፊት በርጩማ አስቀምጣ ነው የምትስለው። ዶሮዎቹ በበሩ ስንጥቅ ተራ በተራ ያዩዋታል። ሚዛንም ምሳ አልበላ አለ። እኔ በላሁለት፤ ዘመድ ለክፉ ቀን ነው።

ዓርብ ጠዋት የተዘጋው የሚስማር ፋብሪካ ዕቃ እየሸጠ ነው የሚል ወሬ ሰማን። ስንደርስ ማሽኑ ተሸጧል፣ የጣራው ቆርቆሮ ተሸጧል፣ ሽንት ቤቱ እንኳ ከነበሩ ሄዷል። ከበሩ አጠገብ የቀረች አንዲት የዘበኛ ቤት ነበረች። ሚዛን እንዳያት ደርቆ ቀረ። አራት እግር አላት፣ ከመሬት ከፍ ብላለች። ግራና ቀኝ ተንሸራታች መስኮት አላት። በሯ ከላይና ከታች ለየብቻ ይከፈታል። ውስጧ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አግዳሚ አለ፣ ቆጥ ማለት ነው። ከአግዳሚው ሥር መሳቢያዎች፤ እንቁላል መጣያ ማለት ነው። አናጢው የሳለው ሁሉ ተሠርቶ ይጠብቀናል።

የፋብሪካው አስተዳዳሪ ዋጋውን ሲነግረን ሚዛን ለመከራከር አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ይህ ሆኖ አያውቅም።

«ምን ጉድለት ቢኖረው ነው እንዲህ የረከሰው?» አለ ተጠራጥሮ።

«ጉድለት የለውም» አለ አስተዳዳሪው እያፈረ። «ሰው አለው።»

እውነትም ውስጥ ሰው ነበር። ኮፍያ ያጠለቀ፣ ጢሙ እንደ በር መጥረጊያ የተንጨባረረ ሽማግሌ ዘበኛ፣ አግዳሚው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ባዶውን ግቢ ይጠብቃል።

«ፋብሪካው ተዘግቷል ስንለው፣ "አውቃለሁ፣ ማታ ማታ የምዘጋው እኔ አይደለሁ?" ይለናል» አለ አስተዳዳሪው። «ማሽኖቹን ስናወጣ ለያንዳንዱ ጥርስ መውጫ ወረቀት አስፈረመን። ከነሰውየው ከወሰዱት የዋጋውን ግማሽ ይክፈሉ።»

የሚዛን ዓይን በራ። እጅጌውን ጎተትኩት።

«ጋሼ፣ ሰውየው እኮ ይበላል።»

«ዶሮም ይበላል» አለኝና ወደ ዘበኛው ዞረ። «ደሞዝ ይፈልጋሉ?»

«ጡረታ አለኝ» አለ ዘበኛው ሳይንቀሳቀስ። «ያጣሁት በር ነው።»

እንዲህ ሆኖ ተገዛ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ አማቼ ግን ቆጡን ሊገዛ ሄዶ ዘበኛ በብብቱ ይዞ መጣ። ዘበኛው ለገዛ ቤቱ የመውጫ ወረቀት ጠይቆ፣ ፊርማውን ገልብጦ ደግሞም ገላብጦ መረመረና ገብቶ ተቀመጠ። ከነቤቱ ጭነት መኪና ላይ አወጣነው። በከተማው መሐል ስናልፍ በመስኮቱ ሰላምታ ይሰጣል። ትራፊክ ፖሊሱ ባለሥልጣን መስሎት መንገድ አስለቀቀልን፤ አንዲት ሴትዮማ እየሮጠች አቤቱታ አቀበለችው። ተቀብሎ ኪሱ ከተተው።

ዓርብ ሳይመሽ ዶሮዎቹ ገቡ። እንዲያውም ተጋፍተው ገቡ። ዘበኛው ለእነሱ ውስጡን ለቆ ከደጅ በርጩማ ላይ ተሰየመ። ሲገቡ አልፈተሻቸውም። ሚስማር ፋብሪካ ሚስማር ይዞ የሚገባ የለም፣ ይዞ የሚወጣ እንጂ። በማግስቱ ጠዋት ጥሬ ሊለቅሙ ሲወጡ ግን አንድ በአንድ አስቁሞ ክንፋቸውን ከፍ እያደረገ ዳበሳቸው። እኔ ይጮኻሉ ብዬ ነበር። ጭራሽ ወደዱት! ወዲያው ሰልፍ ይዘው ክንፋቸውን ራሳቸው ማንሳት ጀመሩ። ገብስማዋ ሁለተኛ ለመዳበስ ዞራ እንደገና ትሰለፋለች።

ሚዛን ደስታውን መሸከም አቃተው። የመጀመሪያውን እንቁላል ለማንሳት እጁን ሲሰድ ዘበኛው በዱላው መለሰው።

«የመውጫ ወረቀት።»

«አየሽ!» አለ ሚዛን ወደ እህቴ ዞሮ በኩራት። «አየሽ ጥበቃ ማለት! ባለቤቱን እንኳ አያሳልፍም!»

«አያለሁ» አለች እህቴ። ቢላዋው አሁንም እጇ ላይ ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የሚዛን ታላቅ እህት መጣች። ከቁመቷ የተነሣ በር ስታልፍ ማጎንበስ የነበረባት ሴት ናት። እኔ የማውቀው ግን በሮች ለእሷ ቀና ሲሉ ነው። «መንገዱ አቧራ ነው፣ ቅድሚያ ልታጠብ» ብላ መታጠቢያ ቤት ገባች። እህቴ ስታፀዳው ያደረች ስለሆነ ደረቷን ነፍታ ጠበቀች። እንግዳዋ ስትወጣ ፀጉሯ ላይ አንድ ነጭ ላባ ተሰክቷል።

«ጎበዝ፣ እዚህ ቤት ዶሮ ገላዋን ትታጠባለች እንዴ?»

ሌላ ሴት ስታፍር ትቀላለች። እህቴ ስታፍር ታርዳለች።

«ለክብርዎ አንዷ ትታረዳለች!» አለች። «ገብስማዋ። እሷ ናት ሳሙናው ላይ የምትተኛው።»

ሚዛን ዘሎ ተነሣ። «አንቺ! ተስማምተን የለ? ቤት ካገኘሁላቸው ድስት አይገቡም አልሽ!»

«አይገቡም። ስለ መጥበሻ የተነጋገርነው ነገር የለም።»

ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ማለት ይሄ ነው። እህቴ ቢላዋዋን ይዛ ወደ ግቢ፣ ሚዛን ከኋላዋ፣ እኔ ከኋላው፣ እንግዳዋ ወንበር ይዛ ከኋላችን። ገብስማዋ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ታየናለች።

«ያቺን አምጣልኝ» አለች እህቴ።

ዘበኛው ከበርጩማው ተነሣ። «የመውጫ ወረቀት፣ እሜቴ። በንብረት ኃላፊው የተፈረመ።»

«ኃላፊው እኔ ነኝ!» አለ ሚዛን። «አልፈርምም!»

«እሱ ኃላፊ ከሆነ እኔ የትራፊክ መብራት ነኝ» አለች እህቴ። «እኔ ነኝ ኃላፊዋ።»

ዘበኛው ጢሙን እየዳበሰ ሁለቱንም መዘነ።

«ከትናንት ጀምሮ እያየሁ ነው» አለ። «ጋሼ ከግቢ ሲወጡ "መጣሁ፣ ደረስ ብዬ ነው፣ አልቆይም" ይላሉ። እሜቴ ሲወጡ ምንም አይሉም። ኃላፊ ማለት ሳይጠይቅ የሚወጣ ነው።» ተረከዙን አጋጭቶ ለእህቴ ሰላምታ ሰጠ። «ይፈርሙ።»

የሚዛን ፊት አመድ መሰለ። በግማሽ ዋጋ የገዛው ቤት፣ ከነዘበኛው፣ በቆመበት ለሚስቱ አደረ። እህቴ ወደ እኔ ዞራ፣ «ሂድ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ!» አለችኝ። ስመለስ ሚዛን የለም።

ዶሮ ቤቱ ውስጥ ነበር። ሲገቡ አይፈተሽ የለ? ዘው ብሎ ገብቶ የታችኛውን በር ከውስጥ ቀርቅሮ፣ በአግዳሚው ላይ በቀይዋና በገብስማዋ መሐል ተሰይሟል። ጉልበቱ አገጩን ነክቷል።

«እንግዲህ እኔም ንብረት ነኝ!» ብሎ በመስኮቱ ጮኸ። «ማን እንደሚያስወጣኝ አያለሁ!»

«ውጣ አንተ ሰውዬ! እህትህ እያየችን ነው!»

«እኔን ተዉኝ» አለች እንግዳዋ ወንበሯን ወደፊት እየሳበች። «ቀጥሉ።»

«አምስቱም በሕይወት ይኖራሉ ብለሽ ማዪልኝ፣ እወጣለሁ» አለ ሚዛን።

«አራቱ።»

«አምስት!»

«አራት ተኩል።»

«ግማሽ ዶሮ ምን ይባላል?»

«ምሳ።»

ፀሐይዋ አናት ላይ ደረሰች። ጃንጥላ ሲከራከር ክረምት ያለቀበት ሰውዬ ለዚህ ዓይነቱ ነገር የተፈጠረ ነው፤ እህቴ ግን እንግዳ አለባት። እንግዳዋም ሆዷን ይዛ፣ «ለመሆኑ ምሳ የሚባል ነገር እዚህ ቤት በስም ብቻ ነው የሚነሣው?» አለች። እህቴ በዚህች ቃል ከሞት የባሰ ተሸማቀቀች። ይህችን ያየ ሚዛን መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ሞቅ ያለ እንቁላል በመስኮቱ አሳየ።

«እታለም፣ እንቁላል ትበያለሽ?»

«ለእኔ ጥርስ ከዶሮ ሥጋማ በስንት ጣዕሙ!»

ዘበኛው መስኮቱ ላይ ዱላውን ጋረደ። «ወረቀት።»

ወረቀቱን እኔ ጻፍኩት፤ በዚያ ግቢ እጁ ባዶ የነበረው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። «እንቁላል ይውጣ» የሚለውን ለመጻፍ ላብ በላብ ሆንኩ። እህቴ ጥርሷን ነክሳ ፈረመች። ሚዛን እንቁላሎቹን በመስኮት አንድ በአንድ ሲያቀብል፣ እያንዳንዷን በመዳፉ ከፍ ዝቅ አድርጎ ሳይመዝን አልሰጠም። መጥበሻው እሳት ላይ ወጣ። እንግዳዋ የመጀመሪያውን በላች። ሁለተኛውን በላች። አምላክ ያሳያችሁ፣ ከዚያ በኋላ ቆጠራውን ትቼ ዶሮዎቹን በሩጫ እንዲጥሉ ለማበረታታት መስኮቱ ሥር ቆሜ አጨበጨብኩ፤ ቀይዋ አላሳፈረችኝም።

በመጨረሻ እንግዳዋ አፏን ጠርጋ፣ «እንዲህ ያለ እንቁላል የምትጥል ዶሮ ልረድ የሚል ሰው ጤና የለውም» አለች።

«እኔም እኮ ይሄንኑ ስለው ነበር» አለች እህቴ ዓይኗን በጨው አጥባ። ቢላዋውን በቀሚሷ ሸፈን አድርጋ ወደ ዶሮ ቤቱ ሄደች። «በቃ ይኑሩ። አምስቱም። ውጣ።»

«ማዪልኝ።»

«እንግዳዋ ትሙት!»

«ኧረ እኔን ተይኝ» አለች እንግዳዋ።

«እሺ፣ ወንድሜ ይሙት» አለች። በእኔ ማለች፤ እኔን ግን የጠየቀኝ የለም።

ለሚዛንም የመውጫ ወረቀት ተጻፈለት፦ «አንድ ባል ይውጣ።» ፈረመች። ወጣ። ሸሚዙ ኩስ በኩስ ሆኖ ገጹ እንደ ድል አድራጊ ያበራ ነበር። የአምስት ነፍስ ዋጋ ተከራክሮ አንዲት ሳትጎድል አስጣለ። በዕድሜው የተሻለ ገበያ አልገጠመውም።

እህቴ ግን ተሸንፋ የምትገባ ሴት አይደለችም። ዘበኛውን በጣቷ ጠራችው።

«ስማኝ። ከዛሬ ጀምሮ ካለ እኔ ፊርማ እዚያ ማንም አይገባም። በተለይ ይሄ ሰውዬ።»

«መግቢያም ይሁን?» አለ ዘበኛው። ዕድሜውን ሙሉ መውጫ ብቻ ሲጠብቅ የኖረ ሰው፣ መግቢያ ሲጨመርለት ጢሙ በደስታ ቀጥ አለ። «እንደ ትእዛዝዎ፣ እሜቴ!»

ይኸው እንግዳዋ እስካሁን አልሄደችም፤ እንቁላሉ ተስማምቷታል። ዘበኛው የሦስት ሰው ምሳ ይበላል። ሚዛን ጠዋት ጠዋት ጥሬ ጨብጦ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ የዶሮ ቤቱ በር ላይ ይቆማል። «ኑ!» ይላል በዝግታ። አምስቱ ዶሮዎች በመስኮቱ ቁልቁል አይተውት፣ መስኮት ላይ እንደሚቀመጡ ጸሐፊዎች ፊታቸውን ወደ ሌላ ያዞራሉ።

«እባክህ ወንድሜ» ይለዋል ዘበኛውን፣ «ገብስማዋን አንዴ ብቻ አይቻት ልመለስ።»

ዘበኛው የሚዛንን ኮት ከላይ እስከ ታች ያየዋል።

«ኃላፊዋ ከእንግዳ ጋር ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ጋሼ። ነገ ይመለሱ።»